ኢንቨርተር ከመግዛታችሁ በፊት፦ ለሰሜን ሸዋ ደጋና ቆላ የሚሆን የአመራረጥና የአገጣጠም መመሪያ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኢንቨርተር ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ባለ ስንት ዋት አላችሁ?» ብሎ ነው። ነገሩ ከጭራው ተያዘ ማለት ነው። ኢንቨርተር ባትሪ ውስጥ ያለውን ኃይል ወደ 220 ቮልት ቀይሮ ያቀብላል እንጂ የራሱ የሆነ ኃይል የለውም። ባለ 5,000 ዋቱን ገዝታችሁ ከአንድ የመኪና ባትሪ ጋር ብታገናኙት የምታገኙት የዚያችኑ ባትሪ አቅም ነው፤ ያውም ሣጥኑ ራሱ የሚበላው ተቀንሶ። ስለዚህ መጀመሪያ ዕቃችሁን ቁጠሩ፣ ከዚያ ባትሪውን አስሉ፤ ኢንቨርተሩ በመጨረሻ ራሱ ይመጣል።

ሰሜን ሸዋ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,280 ሜትር አካባቢ። በዚያው በደሴ መንገድ ላይ ያሉ ሁለት ከተሞች ናቸው፤ ግን ለአንዱ የሚስማማው ባትሪና የቻርጅ ልክ ለሌላው አይስማማም። ከዕቃው ጋር የሚመጣው መመሪያ ይህን አይነግራችሁም፤ ቢነግራችሁም መጨረሻ ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል ነው።

1. ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ

መብራት ሲጠፋ የግድ መሥራት ያለበትን ብቻ ጻፉ። የየዕቃውን ዋት ከጀርባው ላይ ታገኙታላችሁ። ዋት ሳይሆን አምፔር ከተጻፈ በ220 አባዙት። ከዚያ በአንድ የመጥፋት ጊዜ ውስጥ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ገምቱና አባዙ። መብራት ለ10 ሰዓት ቢጠፋ አንድ መካከለኛ የደብረ ብርሃን ቤት እንዲህ ይሆናል፦

ስድስት ባለ 9 ዋት አምፖል፦ 54 ዋት፣ ለ5 ሰዓት፣ 270 ዋት ሰዓት
ቴሌቪዥንና ሪሲቨር፦ 80 ዋት፣ ለ4 ሰዓት፣ 320
ዋይፋይ፦ 12 ዋት፣ ለ10 ሰዓት፣ 120
አራት ስልክ፦ 40 ዋት፣ ለ2 ሰዓት፣ 80
ላፕቶፕ፦ 60 ዋት፣ ለ3 ሰዓት፣ 180
ፍሪጅ፦ ሲሠራ 120 ዋት፤ እየተነሣ እየቆመ በ10 ሰዓት ውስጥ 400 ገደማ

ሁሉም አንድ ላይ ሲሠራ 366 ዋት፣ በድምሩ ደግሞ 1,370 ዋት ሰዓት። በዚህ ላይ ኢንቨርተሩ የሚበላው ይጨመራል። ሲቀይር ከአሥር አንዱን ያባክናል፤ ስለዚህ 1,370ን ለ0.9 ስታካፍሉ 1,522 ይሆናል። ምንም ሳይሠራ ተከፍቶ ብቻ ሲቀመጥም ይበላል፤ 30 ዋት ቢሆን በ10 ሰዓት 300 ነው። ጠቅላላው 1,820 ዋት ሰዓት ገደማ። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ባትሪው የሚሰላው በእሱ ነው።

ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ ላይ ያለ ቤት የፍሪጁን ቁጥር ወደ 700 ያሳድግ። በሙቀቱ የተነሣ ኮምፕረሰሩ ብዙ አይቆምም። ማራገቢያም ካለ 50 ወይም 60 ዋት ሌሊቱን ሙሉ አብሮ ይቆጠራል።

ምጣድ፣ የውሃ ማሞቂያ፣ ስቶቭና ካውያ ከዚህ ዝርዝር ውጪ ናቸው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይስባል። ባለ 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት አሲድ ባትሪ ሳይጎዳ የሚሰጠው 1,200 ዋት ሰዓት ያህል ነው። ሲካፈል ከ18 እስከ 24 ደቂቃ ነው፤ ምጣዱ ግሎና ታስሶ ጥቂት እንጀራ እንደወጣ ባትሪው ያልቃል። «ለምጣድም ይሆናል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ባትሪው ስንት እንደሆነ ጠይቁት።

2. የመነሻ ጉልበት

ሞተር ያለው ዕቃ ሁሉ ሲነሣ ከተጻፈበት በላይ ይስባል። ፍሪጅ ከአምስት እስከ ስምንት እጥፍ ለአፍታ ይጎትታል። ከላይ ባለው ቤት ፍሪጁ ሲነሣ 720 ዋት ቢስብ፣ ሌላው 246 ሲጨመርበት 966 ዋት ይሆናል። ኢንቨርተሩ ይህን ለአንድ ሁለት ሰከንድ መሸከም አለበት። ካልቻለ ፍሪጁ «ጠቅ» ብሎ ይሞክራል፣ ያቃስታል፣ ይቆማል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደገና። እንዲህ እየሞከረ የሚያድር ኮምፕረሰር ብዙ አይቆይም።

የውሃ ፓምፕ ከዚህ የባሰ ነው። ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለው ትንሹ ፓምፕ እንኳ 600 ዋት ያህል እየሳበ ይሠራል፤ ሲነሣ ደግሞ 3,000 ሊደርስ ይችላል። ለእሱ ብሎ ትልቅ ኢንቨርተር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ርካሹ መፍትሔ ሮቶ ከፍ አድርጎ ሰቅሎ መብራት ሲኖር መሙላት ነው። ከፍ ብሎ የተቀመጠ ውሃም የተጠራቀመ ጉልበት ነው፤ አሲድ አይፈልግም፣ አያረጅም።

3. የመስመራችሁን ቮልት ሦስት ምሽት ለኩ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ «ኢንቨርተሩ አይሠራም» የሚለው ሮሮ ደግሞ በብዛት የሚመጣው ከዚህ ነው። ቴስተሩን በኤሲ (የግድግዳው መብራት ዓይነት) 750 ወይም 600 ላይ አድርጋችሁ ሶኬት ውስጥ ለኩ፦ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል። ሰፈሩ ሁሉ ሲያበስል ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ወይም 165 የሚወርድበት ቤት አለ፤ በተለይ ከትራንስፎርመሩ ርቆ መስመሩ ጫፍ ላይ ያለ።

ብዙዎቹ ኢንቨርተሮች ሁለት የመቀበያ ክልል አላቸው። ጠባቡ ከ170 እስከ 280 ቮልት ነው፤ ለኮምፒውተር ተብሎ የተሠራ ሲሆን መብራት ሲጠፋ በ10 ሚሊሰከንድ ገደማ ወደ ባትሪ ይዞራል። ሰፊው ከ90 እስከ 280 ነው፤ ለመዞር 20 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል። የምሽቱ ቮልት 165 ሆኖ ሳለ ጠባቡ ላይ ከተተወ ኢንቨርተሩ «መብራት የለም» ብሎ ወደ ባትሪ ይዞራል፣ ትንሽ ከፍ ሲል ይመለሳል፣ እንደገና ይዞራል። ቴሌቪዥኑ ግን መብራት እያለ ባትሪ ይበላል። ሌሊት እውነተኛው መጥፋት ሲመጣ ባትሪው ባዶ ነው።

ሰፊው ላይ ማድረግ ይህን ይፈታል፤ ነገር ግን ያ 165 ቮልት በቀጥታ ወደ ፍሪጁ ይገባል። ስለዚህ ለፍሪጁ ብቻ ለብቻው የቮልቴጅ መከላከያ አድርጉለት፤ መብራት ሲመለስ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አቆይቶ የሚያስገባ ዓይነት ይሁን። ቮልቱ በየምሽቱ ከ160 በታች የሚሆን ከሆነ ከኢንቨርተሩ በፊት ስታቢላይዘር ያስፈልጋል። የስታቢላይዘሩ አቅም የቤቱን ጭነት ብቻ ሳይሆን ኢንቨርተሩ ባትሪውን ሲሞላ የሚስበውንም መሸከም አለበት፤ ይህን የሚረሳ ሰው ስታቢላይዘሩን ያቃጥላል።

4. ባትሪ

ባለ 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት ማለት 2,400 ዋት ሰዓት ነው። አሲድ ባትሪ (ጄልም ይሁን ኤ ጂ ኤም) ዕድሜው እንዲረዝም ግማሹን ብቻ መጠቀም ይገባል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከሆነ እስከ 90 በመቶ ይፈቅዳል።

ለቤታችን 1,820 ያስፈልግ ነበር። በአሲድ ባትሪ እጥፉ 3,640 ይሆናል። በዚህ ላይ ቅዝቃዜው አለ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ለሰው ነው፤ ባትሪም ግን ብርዱ ይሰማዋል። የአሲድ ባትሪ አቅም የሚጻፈው በ20 ወይም በ25 ዲግሪ ታስቦ ነው፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ አሥር፣ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ሃያ በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ 3,640ን ለ0.85 አካፍሉ፤ 4,280 ይመጣል። ሁለት ባለ 200 አምፔር ሰዓት በተከታታይ ተያይዘው 24 ቮልት ሲሆኑ 4,800 ይሰጣሉ፤ ይበቃል። በሊቲየም ከሆነ 1,820 ለ0.9 ሲካፈል 2,022 ነው፤ አንድ ባለ 25.6 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት 2,560 ስለሚይዝ ያሻግራል።

የትኛውን? መብራት በቀን ውስጥ ስንት ሰዓት እንደሚኖር ቁጠሩ። 200 አምፔር ሰዓት አሲድ ባትሪ በ20 አምፔር ቀስ ብሎ መሞላት አለበት። ግማሹን ከተጠቀማችሁ 100 አምፔር ሰዓት ለመመለስ 5 ሰዓት፣ ከዚያ ለመጨረሻው ክፍል ሌላ 2 ወይም 3 ሰዓት ይፈልጋል። መብራት የሚመጣው ለ4 ሰዓት ብቻ ከሆነ ባትሪው አንድም ቀን ሳይሞላ ይከርማል፤ ሳይሞላ የሚከርም አሲድ ባትሪ ደግሞ ሰሌዳው ላይ ሰልፌት ይጋገርበትና በዓመቱ ይሞታል። እንዲህ ባለ ሰፈር ሊቲየም ውድ ቢመስልም ያዋጣል፤ በ50 አምፔር ሁለት ሰዓት ከምናምን ይሞላል፣ በግማሽ ቢቀመጥም አይከፋውም።

የሊቲየም ጠንቅ ሌላ ነው፦ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ መደረግ የለበትም። ሲደረግ ውስጡ ላይ ሊቲየም ይለበጥና አቅሙ ለዘለቄታው ይጎዳል። ጥሩ የባትሪ መቆጣጠሪያ ያለው በብርድ ጊዜ ቻርጁን ራሱ ይዘጋል፤ ስትገዙ ይህ እንዳለው ጠይቁ። መሐል ሜዳ ወይም ደብረ ብርሃን ላይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ግቢ ውስጥ ባለ ቆርቆሮ መጋዘን አታስቀምጡት። ከቤቱ ውስጠኛ ግድግዳ ጎን ይሁን።

ሸዋ ሮቢት ላይ ደግሞ ሙቀቱ ነው ጠላቱ። የአሲድ ባትሪ በ25 ዲግሪ ፋንታ በ35 ዲግሪ ቢኖር ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሳይሆን ከወለል ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ጥላ ባለበት ይቀመጥ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። የመኪና ባትሪ ለኢንቨርተር አይሆንም፤ ሰሌዳው ስስ ነው፣ ለማስነሻ ለሁለት ሰከንድ ብዙ አምፔር እንዲሰጥ ነው የተሠራው። ደጋግሞ ግማሹ ከወጣ በጥቂት ወራት ይጠፋል። ሁለተኛው፦ ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ይተፋል። ያ ጋዝ በአየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። ብርድን ፈርቶ በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል በሚነድበት ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ባትሪ ማስቀመጥ ምን እንደሚያስከትል መናገር አያስፈልግም።

5. 12፣ 24 ወይስ 48 ቮልት?

ቀላል ነው። እስከ 1,000 ዋት 12 ቮልት ይበቃል፣ እስከ 3,000 ዋት 24፣ ከዚያ በላይ 48። ምክንያቱ አምፔር ነው፦ 3,000 ዋት ከ12 ቮልት ባትሪ ሲወጣ 278 አምፔር ያህል ይፈሳል፤ ከ24 ቮልት 139፤ ከ48 ቮልት 69 ብቻ። አምፔር በበዛ ቁጥር ኬብሉ ይወፍራል፣ ማሠሪያው ይግላል። «ባለ 12 ቮልት 5,000 ዋት» የሚል ዕቃ ካያችሁ እለፉት።

6. የኢንቨርተሩ ዓይነት

ሞገዱ «ፒዩር ሳይን» (እንደ መስመሩ መብራት ለስላሳ ሞገድ ያለው) ይሁን። «ሞዲፋይድ» የሚባለው ርካሹ ዓይነት አምፖልና የስልክ ቻርጀር ያሠራል፤ ፍሪጅና ማራገቢያ ግን በእሱ ሲሠራ ያጎራል፣ ይሞቃል። ፍሪጅ ከሌለ ሞዲፋይዱ ገንዘብ ይቆጥባል፤ ካለ ግን ክርክር የለውም።

አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ውስጡ ትልቅ የመዳብ ትራንስፎርመር አለው፤ ባለ 3,000 ዋቱ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ሞተር ሲነሣ ሦስት እጥፍ ለብዙ ሰከንድ ይሸከማል። ሁለተኛው ቀላል ነው፣ ከ10 ኪሎ በታች፤ ሶላር ቻርጀር አብሮት የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ሁለት እጥፍ ለአፍታ ይሸከማል እንጂ አይታገሥም። ለአምፖል፣ ለቴሌቪዥንና ለአንድ ፍሪጅ ቀላሉ ይበቃል። ወፍጮ፣ ፓምፕ ወይም የብየዳ መሣሪያ ያለው ከባዱን ይፈልግ።

አሁን የከፍታው ነገር። ደብረ ብርሃን ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል 30 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው። ስስ አየር ሙቀት በደንብ አይወስድም፤ የኢንቨርተሩ ማራገቢያ ያው ይሽከረከራል፣ የሚገፋው አየር ግን ስስ ነው። ብዙ አምራቾች የጻፉት ዋት እስከ 1,000 ሜትር ብቻ የሚሠራ ነው፤ ከዚያ በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ቀንሱ የሚል የተለመደ ስሌት አለ። በ2,800 ሜትር 18 በመቶ ይቀነሳል፤ ባለ 3,000 ዋቱ 2,460 ሆነ ማለት ነው። ብርዱ በከፊል ያካክሳል፤ ቢሆንም አትተማመኑበት። ሸዋ ሮቢት ላይ ከፍታው የሚቀንሰው 3 በመቶ ብቻ ነው፤ እዚያ ግን የክፍሉ ሙቀት ከ40 ሲያልፍ ኢንቨርተሩ ራሱ አቅሙን ይቀንሳል። በነገራችን ላይ ጀነሬተርም እንዲሁ ነው፣ እንዲያውም ይብስበታል።

ለምሳሌው ቤት፦ 966 ለአፍታ፣ 366 በቋሚነት። ባለ 24 ቮልት 1,500 ዋት ፒዩር ሳይን 18 በመቶ ሲቀነስበት 1,230 ይቀራል። ይበቃል፣ ይተርፋል። 3,000 መግዛት አያስፈልግም፤ ትልቁ ሣጥን ባዶውን ተከፍቶ ሲቀመጥ ራሱ 50 ዋት ሊበላ ይችላል፤ በ24 ሰዓት 1,200 ዋት ሰዓት፣ ማለትም የአንድ ባትሪ ግማሽ።

ወደፊት ሶላር ለመጨመር ካሰባችሁ ኤም ፒ ፒ ቲ ቻርጀር (ከፓኔሉ የሚቻለውን ያህል ኃይል አውጥቶ ባትሪ የሚሞላ) ያለውን አሁኑኑ ግዙ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ የፓኔል ቮልት በብርድ ይጨምራል፣ በየዲግሪው 0.3 በመቶ ገደማ። ባለ 49 ቮልት ሦስት ፓኔል በተከታታይ ሲያያዝ 147 ነው፤ «ገደቡ 150 ነው፣ ይበቃል» ተብሎ ይገጠማል። ውርጭ ባለበት ማለዳ ፓኔሉ ዜሮ ዲግሪ ሆኖ ፀሐይ ስትወጣበት ወደ 158 ይወጣል፤ ቻርጀሩ በአንድ ማለዳ ይቃጠላል። በደጋው ሁለት ሁለት አያይዙ።

7. ሱቅ ውስጥ

«3,000 ዋት» የሚል ጽሑፍ ላም አለኝ በሰማይ ሊሆን ይችላል። «ፒክ» ከተባለ ለአፍታ ብቻ ነው፤ ቋሚው አብዛኛውን ጊዜ ግማሹ ነው። «ቪ ኤ» ተብሎ ከተጻፈ በዋት ምን ያህል እንደሆነ ጠይቁ፤ 1,000 ቪ ኤ 800 ዋት ብቻ የሆነ ብዙ ነው።

በዓይን የሚጣራ ነገር አለ። ርካሾቹ የ12 ቮልት ኢንቨርተሮች ውስጣቸው ወይም ጀርባቸው ላይ የመኪና ፊውዝ አላቸው። ቁጠሯቸው። ሁለት ባለ 30 አምፔር ከሆኑ 60 አምፔር በ12 ቮልት 720 ዋት ነው፤ ሣጥኑ ላይ 2,000 ቢጻፍም ከ720 በላይ ሊያሳልፍ አይችልም። አብሮት የመጣው ቀይና ጥቁር ገመድም ይናገራል፤ ከእስክሪብቶ የማይወፍር ገመድ ይዞ 2,000 ዋት የለም።

ከተቻለ ባትሪ ላይ አስገጥማችሁ 1,000 ዋት ስቶቭ ወይም ካውያ ሰክታችሁ 10 ደቂቃ አቆዩት። ቮልቱን ለኩ፦ ከ210 በታች ከወረደ ወይም የመቃጠል ሽታ ከመጣ አትግዙ። ካልተፈቀደላችሁ ሌላ ሱቅ አለ።

8. ኬብልና ፊውዝ

ገንዘብ አንሶ ሰው የሚቆጥበው እዚህ ላይ ነው፤ እሳት የሚነሣውም እዚሁ ነው። ባትሪው ከኢንቨርተሩ 1.5 ሜትር በላይ አይራቅ። የመዳብ ኬብል ውፍረት ለዚያ ርቀት፦

12 ቮልት 1,000 ዋት፦ 35 ካሬ ሚሊሜትር፣ ፊውዝ 125 አምፔር
24 ቮልት 1,500 ዋት፦ 25 ካሬ ሚሊሜትር፣ ፊውዝ 100 አምፔር
24 ቮልት 3,000 ዋት፦ 50 ካሬ ሚሊሜትር፣ ፊውዝ 175 ወይም 200 አምፔር
48 ቮልት 5,000 ዋት፦ 35 ካሬ ሚሊሜትር፣ ፊውዝ 150 አምፔር

የቤት መስመር ባለ 6 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ተጠቅሞ 1,000 ዋት ከ12 ቮልት የሚጎትት ሰው ምን እንደሚገጥመው ይኸውና። ደርሶ መልስ 3 ሜትር ሽቦ ላይ 93 አምፔር ሲፈስ 0.8 ቮልት ይጠፋል። ባትሪው 12.0 እያለ ኢንቨርተሩ የሚያየው 11.2 ነው፤ «ባትሪ አልቋል» ብሎ ይጮሃል፣ ይዘጋል። የጠፋው 75 ዋት ያህል ደግሞ ሽቦውን ያሞቀዋል፣ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል። ሰውዬው ባትሪ ሊቀይር ይሄዳል፤ ጥፋቱ ግን የሽቦው ነው።

ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ በ20 ሳንቲሜትር ውስጥ ይሁን። ለዲሲ (ከባትሪ ለሚወጣው ኃይል) የተሠራ ፊውዝ ወይም የዲሲ ብሬከር ብቻ ተጠቀሙ። ተራው የኤሲ ብሬከር ከዲሲ ጋር ሲከፈት ብልጭታው አይቆምም፤ ኤሲ በሰከንድ 100 ጊዜ ወደ ዜሮ ስለሚወርድ ብልጭታው ይጠፋል፣ ዲሲ ግን ዜሮ የለውም። ተርሚናሉ በመጭመቂያ በደንብ የተጨመቀ ይሁን፤ በመዶሻ ጠፍጥፎ በቴፕ የተጠቀለለ በወሩ ይላላል።

9. ከቤቱ መስመር ጋር ማገናኘት

ይህን ኤሌክትሪሻን ይሥራው፤ ግን ምን መሥራት እንዳለበት እወቁ።

ሁለት ጫፉ ወንድ የሆነ ገመድ ሠርቶ የኢንቨርተሩን መውጫ ወደ ግድግዳ ሶኬት መሰካት ፈጽሞ አይደረግም። 220 ቮልቱ በቆጣሪው አልፎ ወደ መስመር ይወጣል፣ በትራንስፎርመሩ በኩል ተገላብጦ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይሆናል፤ «መስመሩ ሞቷል» ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ይገድላል። መብራቱ ሲመጣም ኢንቨርተሩ ይፈነዳል።

ትክክለኛው፦ ከዋናው ሣጥን አንድ ብሬከር ወደ ኢንቨርተሩ መግቢያ ይሄዳል። ከመውጫው ደግሞ ወደ ሌላ ትንሽ የብሬከር ሣጥን። አምፖል፣ ቴሌቪዥን፣ ዋይፋይና ፍሪጅ ከዋናው ተነቅለው ወደ ትንሹ ይዛወራሉ፤ ምጣድና ማሞቂያ ዋናው ላይ ይቀራሉ። ፌዙ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) ብቻ ሳይሆን ኒውትራሉም (መመለሻው) መለየት አለበት። በአሮጌ ቤት የሁሉም ክፍል ኒውትራል አንድ ላይ ተጠምዶ ስለሚገኝ ኤሌክትሪሻኑ ፌዙን ብቻ ያዛውራል፤ ውጤቱ ኢንቨርተሩ በየጊዜው ጥፋት ማሳየቱ ወይም መቃጠሉ ነው። በተጨማሪም በእጅ የሚዞር ባለ ሁለት ፖል ቼንጅ ኦቨር (ቤቱን ከኢንቨርተሩ ወደ መስመሩ የሚያዞር ማብሪያ) ጨምሩ፤ ኢንቨርተሩ ሲበላሽ ቤቱ ጨለማ እንዳይሆን።

የመሬት ሽቦ አይዘለል። ቢያንስ 1.5 ሜትር የመዳብ ዘንግ እርጥበት ባለበት ቦታ ይቀበር። ደጋው በክረምት መብረቅ ይበዛበታል፤ መግቢያው ላይ የመብረቅ መከላከያ መግጠም ከኢንቨርተሩ ዋጋ አንጻር ኢምንት ነው። እሱም ቢሆን የሚሠራው የመሬቱ ሽቦ ካለ ነው።

10. ማስተካከያ

ፋብሪካው ያስገባውን ቁጥር አትመኑ። የባትሪውን ዓይነት ምረጡ። የቻርጅ አምፔሩን የአሲድ ባትሪ ከሆነ የአቅሙን አሥር በመቶ አድርጉ፤ ለ200 አምፔር ሰዓት 20። የባትሪው መዝጊያ (ባትሪው ሲወርድ ኢንቨርተሩ የሚዘጋበት ቮልት) ብዙ ጊዜ 21 ቮልት ላይ ተደርጎ ይመጣል (ለ24 ቮልቱ)፤ ይህ ባትሪውን አሟጦ ይገድለዋል፣ ወደ 23 አሳድጉት።

የመሙያው ቮልት ለ24 ቮልት አሲድ ባትሪ በ25 ዲግሪ 28.8 አካባቢ ነው። የሙቀት ማንበቢያ ሽቦ የሌለው ኢንቨርተር ብርዱን አያውቅም። ክፍሉ 10 ዲግሪ ከሆነ 0.7 ያህል ጨምሩ፣ 29.5 ይሁን፤ አለበለዚያ ባትሪው ሁልጊዜ ሳይሞላ ይቀራል። ሸዋ ሮቢት በ35 ዲግሪ ግን 0.5 ቀንሱ፣ 28.3 አድርጉ፤ አለበለዚያ ውሃው ቶሎ ያልቃል። ባትሪው ላይ የተጻፈ ቁጥር ካለ እሱ ይቅደም።

ትንሽ ጭነት ብቻ ሲኖር ራሱን የሚያጠፋ «ሴቭ» የሚባል ማስተካከያ አለ። ዋይፋይ ብቻ ሌሊት እንዲሠራ የምትፈልጉ ከሆነ ዝጉት፤ 12 ዋት አነስተኛ ስለሆነች «ሰው የለም» ብሎ ይተኛል።

11. የመጀመሪያው ምሽት

ባትሪው ሙሉ ከሆነ በኋላ ዋናውን ብሬከር አጥፉ። ፍሪጁ ሦስት ጊዜ ሲነሣ ጠብቁ። ከዚያ ከአንድ ሰዓት በኋላ ኬብሉን በየማሠሪያው በእጅ ጀርባ ዳስሱ፦ ለብ ያለ ችግር የለውም፤ እጅ የማያስቆይ ከሆነ አጥፍታችሁ አጥብቁ። ጭነቱን አጥፍታችሁ ባትሪውን ሁለት ሰዓት አሳርፋችሁ ለኩ፤ ለእያንዳንዱ ባለ 12 ቮልት አሲድ ባትሪ 12.7 ሙሉ ነው፣ 12.1 ግማሽ። ሁለቱ ባትሪዎች በመካከላቸው ከ0.2 ቮልት በላይ ከተለያዩ አንደኛው ችግር አለበት፤ ዋስትናው ሳያልፍ መልሱት። ከሳምንት በኋላ ማሠሪያዎቹን እንደገና አጥብቁ፤ መዳብ ሲሞቅና ሲበርድ ይላላል።

በኋላ አንዱ ባትሪ ቢደክም አንዱን ብቻ በአዲስ አትተኩ። አሮጌው አዲሱን ወደ ራሱ ደረጃ ያወርደዋል።

ለመኪና

ሚኒባስና ፒክአፕ 12 ቮልት ናቸው፤ አብዛኛው የአይሱዙ ጭነት 24፤ ከመግጠማችሁ በፊት በቴስተር አረጋግጡ። በሲጋራ ማቀጣጠያው ቀዳዳ የሚሰካ ኢንቨርተር ከ150 ዋት በላይ አይሁን፣ ፊውዙ ብዙውን ጊዜ 15 አምፔር ነውና፤ 10 ከሆነ ከ100 ዋት አይለፍ። መኪና ውስጥ ለሚያድር ወይም ለሚሠራ ሰው ግን ለብቻው ሌላ ባትሪ ያስፈልጋል፤ ሞተሩ ሲሠራ በዲሲ ለዲሲ ቻርጀር የሚሞላ። የማስነሻውን ባትሪ ሌሊት ለኢንቨርተር ያዋለ ሰው ጠዋት ጣርማ በር ላይ መኪናውን የሚያስነሣው በግፊ ነው፤ ያም ቁልቁለቱን ካገኘ።